ዲኤሙ በሩን ሁሉ ዘግቶ «ምረጥ» ሲል ምን ታደርጋላችሁ?

አባ_መብረቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን እዚህ የምጽፈው ባለቤቴ ከዚህ በላይ አልሰማም ስላለችኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጎብሊን ስለሚባሉ ትንንሽ የተረት ጭራቆች ሳወራ ሰንብቼ «ወይ አምጣቸውና እናሳድጋቸው፣ ወይ ተዋቸው» ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዲኤንዲ እንጫወታለን። ለማያውቀው፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ማለቴ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1974 ጀምሮ ያለ የጠረጴዛ ጨዋታ። ስክሪን የለውም። አንዱ ዲኤም ይሆናል፤ የጨዋታው መሪ ማለት ነው። ጭራቁንም፣ ነጋዴውንም፣ ዝናቡንም እሱ ይጫወታል። ሌሎቻችን አንድ አንድ ሰው እንይዛለን። «ምን ታደርጋላችሁ?» ይለናል፣ እንነግረዋለን፣ ነገሩ ካጠራጠረ ዳይስ ይወረወራል። ይኸው ነው።

የእኔ ሰው ፓላዲን ነው። የማለ ተዋጊ፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከመሐላው ነው። ፓላዲን ደግሞ ፈረስ አያጣም። ፈረስ ካለ የፈረስ ስም ያስፈልጋል ብዬ አባ መብረቅ አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ያሉት «አባ ሜብሬክ» ነው የሚሉት። ለምጄዋለሁ።

ከአምስት ሳምንት በፊት አንድ የጎብሊን ሰፈር ሰበርን። ከድንኳኖቹ ጀርባ ጉድጓድ አለ፣ በእንጨት ተከድኗል። ክዳኑን ሳነሳው ስድስት የጎብሊን ሕፃናት። ዲኤሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ተነስቶም የሳሎኑን መብራት ቀነሰ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ «ብትለቃቸው አድገው ያቺን መንደር ያቃጥላሉ። ብትገድላቸው ሕፃን ገዳይ ነህ። ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። ስምንት ወር አብረን ስንጫወት እንዲህ ያለ ነገር መጥቶልኝ አያውቅም።

ወደ ገዳሙ እንውሰዳቸው አልኩ። የሦስት ቀን መንገድ ሄደን ገዳም እንደምናገኝ ራሱ ነግሮናል፣ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። «ገዳሙ ትናንት ማታ ተቃጥሏል» አለ። በምን አወቅን? «ጭሱ ይታያል።» የሦስት ቀን መንገድ ጭስ! እሺ፣ መንደር ይዘናቸው እንግባ። «ሕዝቡ ይገድላቸዋል።» አናግራቸዋለሁ፣ ካሪዝማዬ 18 ነው፣ ሰው ማሳመን የእኔ እንጀራ ነው፣ ዳይስ ልወርውር? «አትወርውር፣ አይሰሙህም።» በቃ እኛው እናሳድጋቸው። «ስንቃችሁ የአራት ቀን ብቻ ነው።»

እንዴ! በስምንት ወር አንድ ቀን ስንቅ ቆጥሮ አያውቅም እኮ።

መጨረሻ ላይ ክዳኑን ክፍት ትቼ ወጣሁ። ሕፃን አልገድልማ።

ባለፈው ሐሙስ ዲኤሙ ከላፕቶፑ ሥር ወረቀት አወጣና ቆሞ አነበበልን። አንድ ገጽ ተኩል። መንደሩ ተቃጠለ። ዳቦ ትሸጥልን የነበረችው ሴትዮ በስሟ ተጠርታ ሞተች። የመጨረሻው መስመር «አባ ሜብሬክ እጁን ቢዘረጋ ብርሃኑ አልመጣም» የሚል ነው። ኃይሌ ተወሰደ። ለሁልጊዜ ነው አለኝ።

ይሁን። ሰው ይሳሳታል፣ ዋጋ ይከፍላል። ግን ማታ ማታ ዕቃ የማነሳው እኔ ነኝ። የፒዛውን ካርቶን ሳነሳ፣ ዲኤሞች ከፊታቸው ከሚያቆሙት መከለያ ሥር ሌላ ወረቀት ወደቀ። ያው ፊደል፣ ያው መጠን፣ ጥጉ ላይ ዘይት ነክቶታል። የተነበበልን «በየዋህነታችሁ የተነሣ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ይኼኛው «በጭካኔያችሁ የተነሣ» ይላል። ወደ መጨረሻው ወረድኩ። «አባ ሜብሬክ እጁን ቢዘረጋ ብርሃኑ አልመጣም።»

አንድ ቃል አልተቀየረም።

ልጅ ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። እኔ ጎንደርን ሰጥቻለሁ፣ ሐረርን ሰጥቻለሁ፣ አንድ ቀን አዲስ አበባንም ሰጥቼ አልቅሻለሁ። ግን ጠያቂዋ እህቴ ሁልጊዜ መልሱን ታውቀው ነበር። መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ጠይቆ አገር የሚቀበል ሰው ምን ይባላል?

ልውጣ ወይስ ልንገረው? ብነግረውስ ወረቀቱን አይቻለሁ ልበል?

---

ከካዛንቺስ_እስከ_ካልጋሪ፦

ውጣ ወንድሜ። ምን ታደርግለታለህ?

ሰውየው ልብ ወለድ ጽፎ አንባቢ ያጣ ነው። እናንተ ደግሞ ፒዛ ይዛችሁ የመጣችሁ አንባቢዎች ናችሁ። ፈረንጆቹ ሬይልሮዲንግ የሚሉት ይኼንኑ ነው። ባቡሩ በሐዲዱ ይሄዳል፣ አንተ በመስኮት ታያለህ። «ተረት ተረት» ቢለኝ «የላም በረት» ብዬ እጄን አጣምሬ እሰማው ነበር፣ ችግር የለብኝም። ዳይስ አስይዞ ተረት ማውራት ግን ነውር ነው።

«አትወርውር» ያለህ ጊዜ ነበር ጃኬትህን ማንሳት።

---

ሽማግሌው_ኤልፍ፦

ልጄ፣ ያየኸው ጉድጓድ በዕድሜ አንተን ሳይበልጥህ አይቀርም። እኔ ይህን ነገር የጀመርኩት በፈረንጆቹ 80ዎቹ ውስጥ፣ ኮሌጅ ዶርም ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምርበት አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበረ። በ1979 የወጣ፣ ጋሪ ጋይጋክስ የጻፈው፣ ድንበር ላይ ስላለ ምሽግና በአጠገቡ ስላሉ ዋሻዎች። ዋሻዎቹ ውስጥ ኦርክ የሚባል ጭራቅም ጎብሊንም አለ። ግን ተዋጊዎቹ ብቻ አይደሉም። ሴቶቻቸውና ልጆቻቸው በቁጥር ተጽፈዋል። ምን እንደምታደርጋቸው ግን መጽሐፉ ትንፍሽ አይልም። እኛም ፈተና እያለብን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተጨቃጭቀንበታል። ማንም ኃይሉ አልተወሰደበትም። ከመካከላችን አንዱ ለሁለት ቀን አኮረፈን እንጂ።

ስለ ፓላዲን ደግሞ ልንገርህ። የ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ በጣም ጥብቅ ነበር። ፓላዲን አውቆና ፈቅዶ ክፉ ሥራ ከሠራ ማዕረጉ ይገፈፋል፣ መመለሻም የለውም። «ለሁልጊዜ» ያለህ ከዚያ የቀዳው ይመስለኛል። ግን አውቆና ፈቅዶ ነው የሚለው። አንተ ፈቅደህ ያደረግኸው ምሕረት ነው። በአሮጌው ሕግም ቢሆን አትወድቅም።

በ2014ቱ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፓላዲን መሐላውን ቢያፈርስ ለእምነቱ ካህን ይናዘዛል። ሌሊቱን በጸሎት ቆሞ ሊያድር ወይም ሊጾም ይችላል። ከዚያ ሥርየት አግኝቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። የከፋው ቅጣት አሻፈረኝ፣ አልጸጸትም ላለው ነው። እንግዲህ ጾምና ስግደት ለእኛ ሰው አዲስ ነገር ነው? ይህን ገጽ ይዘህ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሽማግሌ ወሬ ይወዳል። በ2004 የወጣ ዶግስ ኢን ዘ ቪንያርድ የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ወጣት የሃይማኖት ዳኞች ናቸው። ሽጉጥ ታጥቀው ከከተማ ከተማ እየዞሩ በምእመናኑ ላይ ይፈርዳሉ። ከዳር እስከ ዳር አጣብቂኝ ነው። የጨዋታው መሪ ከተማዋን ያዘጋጃል፤ ማን በትዕቢት ጀመረው፣ ከዚያ ማን ተበደለ፣ አሁን ማን ከዳኞቹ ምን ይፈልጋል። መፍትሔ ግን አያዘጋጅም። የፈረዱትን ፍርድ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መመዘንም የእሱ ሥራ አይደለም። ክርክሩ በዳይስ ነው። በንግግር ልትሸነፍ ስትል ተጨማሪ ዳይስ ብትፈልግ ወደ ግብግብ ትገባለህ፣ ከዚያም ወደ ሽጉጥ። ጨዋታው የሚጠይቅህ «ይህን ነገር እስከ መተኮስ ድረስ ትፈልገዋለህ ወይ?» ብሎ ነው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ላይ ሽጉጥ አውጥቼ ዳይሱን እጄ ውስጥ ይዤ ደቂቃ ሙሉ ዝም ያልኩበት ምሽት አለ። መሪያችን ምንም አላለኝም። ቡናውን ነበር የሚጠጣው።

---

ዲኤም_በግድ፦

ከዚያኛው ወገን አንድ ሰው ይናገር እንጂ። እኔ ዲኤም ነኝ። ስሜ እንደሚለው በግድ ነው፤ ቡድናችን ውስጥ ማንም እሺ አላለም። ለሦስት ሰዓት ጨዋታ አራት ሰዓት እዘጋጃለሁ። ካርታ እስላለሁ፣ የጭራቅ ቁጥር እደምራለሁ፣ ማን እንደማይመጣ ንገሩኝ ብዬ በቴክስት እለምናለሁ። ከዚያ ሰዎቹ መጥተው ስለ ሥራ አለቃቸው አንድ ሰዓት ያወራሉ። ስለዚህ ያንን ሰውዬ በአንድ ወረቀት አትስቀሉት። ሁለት የጻፈው ሁለቱም ስለሚሆኑ ነው። አንዱን ብቻ ቢጽፍ አይብስም ነበር?

ጥፋቱ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። አንድ ዓይነት መጨረሻ ከጻፍክ መንገዱን ለምን ለሁለት ከፈልከው?

እኔም አጥፍቻለሁ። አንድ ጊዜ የረሃብ መንደር ሠራሁ። የባለጸጋው ጎተራ ሞልቷል፣ ከጎተራው የሚያድረው ዘበኛ የአንዷ ተጫዋች ወንድም ነው። እህሉን ብትሰርቅ ወንድሟ ይሰቀላል፣ ባትሰርቅ ልጆች ይራባሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሳሰናዳው ነበር፤ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ጎተራው ቁልፍ ተነጋገሩ። ከዚያ በጣሪያው ገቡ። ወንድሟን ረስታዋለች፤ ስሙንም አልያዘችውም። እኔ ነኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩት።

እውነተኛው አጣብቂኝ የመጣልኝ ሳላስበው ነው። እዚህ ስቶክሆልም ከአራት ስዊድናውያን ጋር ነው የምጫወተው። ጋሪ የሚጎትት ስላጡ ከመንገድ ዳር አንድ በሬ ነዱ። በቃ፣ በሬ ነው፣ ወሰዱ። እኔም ምንም አላልኩም፤ ዳይስ ወረወሩ፣ ተሳካላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ግን ያ በሬ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አያቴ አገር ባለ አንድ በሬ ሰው ብቻውን አያርስም። ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይገባል። ሁለቱ በሬ አንድ ላይ ይጠመዳል፣ አንድ ቀን የእኔን ማሳ፣ አንድ ቀን ያንተን። ስለዚህ አንድ በሬ ስትወስድ ያርስ የነበረው ሁለት ቤት ነው የሚቆመው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ አንዲት ሴትዮ በመንገዱ መጣች። አታለቅስም፣ አትራገምም። «በሬዬን አይታችኋል?» ብቻ ነው ያለችው። ከኋላዋ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሌላኛውን በሬ እየነዳ። «ይህ የእሱ ነው፣ ያ የእኔ ነበር» አለች። የእኔ ሰዎች ተያዩ። ጋሪው ላይ ደግሞ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያለበት የቆሰለ ጓደኛቸው ተኝቷል። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። አንድ ዳይስ አልተወረወረም። እኔ ሦስት ሲኒ ቡና ጠጣሁ። አንዱ «በሬውን ገዝተነዋል እንበላት» አለ፣ ሌላዋ ተቆጣችው። መጨረሻ ላይ በሬውን መልሰው ጓደኛቸውን በቃሬዛ ተሸከሙት። እኔ ይህን ያደርጋሉ ብዬ አልገመትኩም ነበር። ገንዘብ ይሰጧታል ብዬ ነው ያሰብኩት። ደግሞ ቢሰጧት እሺ እላት ነበር፤ ሴትዮዋ ገንዘቡን ይዛ የት በሬ እንደምታገኝ እናይ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሕፃን መግደል ወይስ አለመግደል የሚል ጥያቄ ከማቅረቡ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጠይቋል? እኔ ካምፔይን፣ ለወራት የሚቀጥል ጨዋታ ማለቴ ነው፣ ሳልጀምር «የማትፈልጉት ነገር ምንድነው?» እላለሁ። አንዷ ሸረሪት አለች፣ አንዱ ልጅ መሞት አለ። ሁለቱም ቀሩ። ጨዋታው ምንም አልጎደለበትም።

---

ከካዛንቺስ_እስከ_ካልጋሪ፦

እህቴ የበሬው ነገር ጥሩ ነው። ግን አንቺም ያው ሴትዮዋን ሆን ብለሽ አልላክሽባቸውም? በምን ተለየሽ?

---

ዲኤም_በግድ፦

ላኩባቸው፣ አዎ። ግን በሬውን የሰረቁት እነሱ ናቸው። ስትመጣም መልሷን አልያዘችም። ጋሪውን ነድተው ቢያመልጧትም መንገዱ ክፍት ነበር።

---

ዝም_ባይ_አንባቢ፦

ይህን ጨዋታ አላውቀውም፣ ሰው ልኮልኝ ነው ያነበብኩት። ዲኤም የሚባለው ምን እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው መልስ ላይ ስደርስ ነው።

እኔ ግን በኪዳነ ምሕረት፣ በየካቲት 16፣ የበላዔ ሰብን ታሪክ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰውየው 78 ሰው በልቷል። ቤተሰቡንም ጭምር። ለአንድ ለተጠማ ድኃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፣ ሚዛኑ በዚያ አጋደለለት ይባላል። ያንተ አባ መብረቅ ደግሞ ማንንም አልበላም። ስድስት ሕፃን ነው የለቀቀው። ዲኤሙ ሚዛኑን ከየት ነው የገዛው?

ይቅርታ፣ ጨዋታውን ካበላሸሁ።

---

አባ_መብረቅ፦

ኧረ አላበላሸህም። ይህን ለባለቤቴ አንብቤላት ከሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጋሼ ኤልፍ፣ ያሉኝን ገጽ አግኝቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። እህቴ ዲኤም በግድ፣ አልጠየቀንም። ቡድናችን ውስጥ አንዱ ሚስቱ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት ሽንት ቤት ብሎ ተነሳ፣ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ስልክ እያየ ነው ብዬ ነበር። አንቺ ስትጽፊው ነው የገባኝ።

ነገ አናግረዋለሁ።

---

አባ_መብረቅ፦

ተመልሻለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አገኘሁት፣ ሁለታችንም ምሳችንን ማይክሮዌቭ ውስጥ አድርገን እየጠበቅን። ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ ነበር፣ አልቻልኩም። «ሁለተኛውን ወረቀት አይቼዋለሁ» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። መጀመሪያ «ያ ረቂቅ ነው» አለ። ማይክሮዌቩ ሲጮህ ሁለታችንም አላነሳንም። ከዚያ እውነቱን ነገረኝ። መጀመሪያ የጻፈው ያንን የመጨረሻ መስመር ነው። ስለወደደው ሊጥለው አልቻለም። ጉድጓዱንም፣ ሕፃናቱንም፣ መንደሩንም የሠራው ወደዚያ መስመር ለመድረስ ነው። «የምትወስነው ነገር ክብደት እንዲኖረው ፈልጌ ነው» አለኝ። «ክብደቱማ ተሰማኝ፣ ግን የተናደድኩት በአንተ ነው፣ በጎብሊኖቹ አይደለም» አልኩት። ይህን አልወደደውም። አሁንም ዓለሙ ጨካኝ መሆን አለበት ባይ ነው። ስለ ገዳሙ ጭስም አልተስማማንም፤ ኮረብታ ላይ ነው ብሎ ይከራከራል።

ስለ ጓደኛችን ስነግረው ግን ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ሄዶ አናግሮታል።

የ2014ቱን ገጽ አሳየሁት። ጾሙንና ሌሊቱን ተቀብሏል። አባ መብረቅ የተቃጠለው መንደር መካከል፣ የዳቦ ሻጯ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ያድራል፣ ከዚያ እናያለን ብሏል። ለሁልጊዜ የሚለው ቀርቷል። መንደሩ ግን እንደተቃጠለ ይቀራል፣ ያን አልመልስም አለ። እኔም አልጠየቅሁትም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «የሦስት ወር ሕፃናት በአምስት ሳምንት አድገው መንደር አቃጠሉ? ማነው ያቃጠለው?» አልኩት። ሹካውን እንደያዘ ቆየና «አላውቅም» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

---

ሽማግሌው_ኤልፍ፦

ሐሙስ ምን ታደርጋለህ እንግዲህ?

---

አባ_መብረቅ፦

ሌሊቱን ቆሜ አድራለሁ። ሲነጋ ስድስቱን ፍለጋ እወጣለሁ። ሮጋችን፣ ሌባ ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን፣ ዱካ ማንበብ ይችላል፣ አብሬህ እሄዳለሁ ብሎኛል። አዲሱ አባትም እሺ ብሏል፤ እሱ እንዲያውም ስንቁን በወረቀት ጽፎ ቆጥሮ መጥቷል፣ የሃያ ቀን ነው።

---

ዝም_ባይ_አንባቢ፦

ስም አላቸው ሕፃናቱ?

---

አባ_መብረቅ፦

እስካሁን ለሁለቱ ነው ያወጣንላቸው። ትልቋ ጉድጓዱ ውስጥ ክዳኑን ስናነሳ ጣቴን የነከሰችኝ ናት፣ ሚጥሚጣ ብያታለሁ። ትንሹን ባለቤቴ ናት የሰየመችው። ጥርኝ።